ያልተማረው የእናቴ አጥንት

ለክቡር አቶ ኤፍሬም
የአጥንት ጤና ዘመቻ አስተባባሪ

ክቡር ሆይ፣ አላህ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለአጥንትዎም ብርታት እንዲሰጥልኝ እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሳምንት ሮቢት ድረስ መጥተው ለእናቴ ለወይዘሮ ዘኪያ ስላደረጉላት ክብር ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ዳሌዋ ተሰብሮ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰችውን፣ ለምርመራ ነው ተብለን በቃሬዛ ያመጣናትን ሴት በሕዝብ ፊት በጣትዎ እያሳዩ፣ ያልተማሩ ሴቶች አጥንት ከተማሩት ይልቅ ቶሎ እንደሚሰበር በጥናት መረጋገጡን አስረድተውናል። እኔ ልጇ፣ በጎብዬ የማስተምረዋ ባለ ዲግሪ፣ ከኋላ ቆሜ አዳምጫለሁ። ጥናቱን አልቃወምም፤ ጥቂት ልጨምርበት ግን ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ወተት እንድትጠጣ ስለመከሯት እናመሰግናለን። አንዲት የምትታለብ ላም ነበረችን፤ ወተቷ ቆቦ እየተሸጠ ለእኔ ደብተርና ዩኒፎርም ሲሆን፣ እናቴ ሻይዋን እንኳ ያለ ወተት ነበር የምትጠጣው።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ እንድትሞቅ አዘዋል። አንድ ቀን በእኛ ማሽላ ማሳ ቢውሉ፣ ምን ያህል ስትሞቅ እንደኖረች ያለ ጥናት ይገባዎት ነበር።

ሦስተኛ፣ የአካል እንቅስቃሴ እንዳይለያት ብለዋል። ውኃ መቅዳት የእኔ ሥራ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ግን ከትምህርቴ እንዳልቀር ብላ ጄሪካኑን ከጀርባዬ አውርዳ ራሷ አዘለችው፤ ከተመረቅሁ በኋላም አላወረደችውም። የወደቀችው እሱኑ እንዳዘለች ነው። እንግዲህ በትምህርትና በአጥንት መካከል አለ ያሉት ግንኙነት በእኛ ቤት ይህን ይመስላል።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ተነስታ እንድትለማመድ ስንለምናት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። «ጥፋቱ የራሷ ነው አሉኝ እኮ፤ ተይኝ በቃ፣ ልጄ» ትለኛለች። ሐኪሙ አሁን ካልቆመች ከእንግዲህ እንደማትቆም ነግሮናል። ክቡርነትዎ፣ በጣም አዝኛለሁ። ከእኔ ይልቅ የምታምነው እርስዎን ነውና፣ ቤታችን ድረስ መጥተው ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ እንዲነግሯት እለምንዎታለሁ።

ምክርዎ ከስብራቱ በኋላ ከደረሰበት ቤት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ፈሪሀ ጀሚል
ሮቢት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴን አጥንቷ እንዲጠነክር ብለው በጎልማሶች ትምህርት ስላስመዘገቡልን ውለታዎን አንረሳም። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ሰምተናል። አይጨነቁ፣ አዝዬ አወጣታለሁ፤ የእኔ ጀርባ ምንም አልሆነም።