አለሁ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ዘጠኝ። ጠዋት ሦስት ጣቃ የመጋረጃ ጨርቅ ወጣ፤ አንዱ «ቤቱን አጨለመብን» ተብሎ ተመለሰ።

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔም ሱቁም ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ትናንት ቴአትር አየሁ። የመድረኩን መጋረጃ ከእኔ ስለገዙ ሁለት መግቢያ ሰጡኝና የልብስ ቁልፍ የምትሸጠውን ጎረቤቴን ይዤ ሄድኩ። «ጨርቅሽን ልታዪ ነው እንጂ ቴአትር ምን ገዶሽ» እያለች ገባን። እውነቷን ነው፤ መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው።

ታሪኩ ብቻውን ስለሚኖር ሰው ነው። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን በእጁ ይዞ «አሁን ምን ልሁን ብዬ ነው የማጠልቀው?» ይላል። ስልክ ሲጮኽ ግን ተነስቶ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «አለሁ» ይላል። ለስልክ ፀጉር ማበጠሩ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። ጎረቤቴም በክርኗ ጎሰም አድርጋኝ ሳቀች። እኔ ግን የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ነው።

አንቺ ድሮ ስደውልልሽ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ደግሞ ስሚማ» ብለሽ ወሬሽን ትዘረግፊው ነበር። ከክረምት ወዲህ «አለሁ» ብቻ ሆነ። እሱንም ከማለትሽ በፊት ጉሮሮሽን ስትጠርጊ እሰማለሁ። ጉንፋን መስሎኝ ማርና ሎሚ አዘዝኩልሽ። ሦስት ወር የሚቆይ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው? ደንበኛ ጨርቁን ሳይነካ «ጥሩ ነው» ካለ እንደማይገዛ ገና ከበር አውቃለሁ። የልጄ ድምፅ ሲሆን አመለጠኝ።

ሥራ ትሄጃለሽ? ትበያለሽ? መስኮትሽንስ ትከፍቻለሽ? እንዳልጨነቅ ብለሽ ከሆነ የደበቅሽኝ፣ ተጨንቄአለሁ፤ ስለዚህ ትርፍ የለውም። ከፍቶሽ ከሆነ ከፍቶኛል በይኝ።

ስንወጣ ጎረቤቴ አለመሳቄ ገርሟት «ምነው፣ እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ «አለሁ» አልኳት።

ዘወር ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ አልሳቀችም።

በርሽን የሚያንኳኳ ሰው አይጥፋ፣ ልጄ። ጠዋትሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ

ነገ፦ ለመስኮትሽ የሚሆን ሳሳ ያለ ጨርቅ መቁረጥ። የሱቁን መክፈቻ ለጎረቤቴ መስጠት። የሐሙስ አውቶቡስ ትኬት መቁረጥ። ደብዳቤውን ለፖስታ ቤት አልሰጥም፤ ይዤው እመጣለሁ።