ሻምበልን የሚያሳልፉ መንገዶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት 12፡45

ተመለስን። ሻምበል ውሃውን ጠጥቶ ደጃፍ ላይ ተዘርግቷል። እኔም እንደዚያው፤ ልዩነታችን እኔ ምላሴን ማስገባቴ ነው።

ደብተሬ፣ ለእኔ አዲስ ስለሆንሽ ልንገርሽ። ሻምበል ውሻ ነው። ስሙን ያወጣለት ልጄ ታምራት ነው። ታምራት ራሱ ተራ ወታደር ነው፤ ውሻው በማዕረግ ይበልጠዋል። ከነገሌ ካምፕ ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት ከሁለት ወር። ስልኩ ከሰኔ ጀምሮ አይሠራም። መጨረሻ ስናወራ፣ አባዬ ሻምበልን አስረህ እንዳታውለው፣ አንሸራሽረው አለኝ። እሺ አልኩ። ኔትወርኩ ጠፋ።

እኔ አበራ ነኝ። የከተማውን ውሃ ፓምፕ የማስነሳ። እኔ ካልነቃሁ አገሩ ፊቱን አይታጠብም። በ54 ዓመቴ የማታ ት/ት ጨርሻለሁ። ከክፍሉ አንደኛ። መ/ርት ሰናይት ደረጃ የለም ትላለች፤ ቢኖር ማለቴ ነው።

ዕቅድ፦ ውሻ ይዘው የሚሄዱባቸውን የከተማችንን መንገዶች ሁሉ መመዝገብ። አድራሻው ሲታወቅ ለታምራት በገዛ እጄ ጽፌ መላክ። ከአባቱ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይሆናል።

መንገድ 1። ከቤት – ፓምፕ – የዳዋን ወንዝ ይዞ እስከ ግመል መሻገሪያው። ይቻላል። ጥላ አለ። ውሃው ጫፍ አይኬድም፣ አዞ። ግመል ሲመጣ ሻምበል ከኋላዬ ይሆናል። ጀግና ነው፣ ግመል ላይ ብቻ አይደለም።

መንገድ 2። በድሮው የጣልያን ግንብ በኩል ወደ ገበያ። አይቻልም። ሐጂ አደም ለሶላት ታጥበው ሱቃቸው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ውሻ ከላሳቸው ሌላ መታጠብ ነው። ዛሬ ገና ከሩቅ ከዘራ አነሱ። «አበራ! ያንን ባለሥልጣን ወዲያ በል!» ሰላምታ ሊሰጥዎት ነው አልኳቸው። አልሳቁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9። ጠዋት 1፡10

መንገድ 3። በሥጋ ቤቱ። አይቻልም። ጌታሁን ሥጋ ሻጩ ድንጋይ ወረወረ። ሻምበልን ስቶ የእኔን ጫማ አገኘ። «ሰው ውሻ ያንሸራሽራል እንዴ ጋሼ? ፈረንጅ ሆንክ?» ፈረንጅ ያነባል፣ እኔም አነባለሁ፣ የቀረን ቀለም ነው አልኩት። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ከአፌ ይወጣል እንጂ ከየት እንደሚነሳ አላውቅም። ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ነው። እበላለሁ፣ ጣዕም የለም። እተኛለሁ፣ ሕልም የለም። ፓምፑ ይሠራል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 1፡30

ትልቅ ድል። መንገድ 2 ተከፈተ!

በግንቡ በኩል ራቅ ብዬ ላልፍ ነበር። ሐጂ ራሳቸው ጠሩኝ። በኦሮምኛ ሰላምታ አዥጎደጎዱልኝ፦ አካም ቡልቴ፣ ናጋ (ሰላም)፣ ከብቱ ናጋ፣ ቤቱ ናጋ... ከብት የለኝም፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ውሻውን ላርቀው ብል፣ «ተወው። የአላህ ፍጥረት ነው። ይረፍ።» በቆርቆሮ ውሃ አስመጡለት። ለእኔ ሻይ። ሳወራ አላቋረጡኝም። ሐጂ ሰው ሳያቋርጡ ሲያዳምጡ ዛሬ ገና አየሁ።

መንገድ 3ም ተከፈተ። ጌታሁን ሥጋ ያለበት አጥንት በወረቀት ጠቅልሎ ለሻምበል አለኝ። ዓይኑ ቢላዋው ላይ ነው። ከትናንት ወዲያ የወረወረው ድንጋይ እኮ ገና እዚያው መንገድ ላይ አለ።

ይህ ሁሉ በእኔ ጥረት ነው። የተማረ ሰው ንግግሩ ይለያል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12። ማታ 3፡00

ት/ቤት ሄድኩ፣ ከሻምበል ጋር። ዘበኛው አስገባን! (መንገድ 4፣ ይቻላል።) መ/ርት ሰናይትን የመንገዶቹን ዝርዝር አሳየኋት። «ለታምራት የሚላክ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎበዝ ነህ ጋሽ አበራ አለች። ከዚያ ሰሌዳ መጥረግ ጀመረች። ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም።

ማታ እህቴ ሙሉ ከሀገረ ማርያም ደወለች። ነገ ትመጣለች። ምነው? አልኳት። ናፍቀኸኛል አለች። ሙሉ ቆላ አትወድም። መጨረሻ የመጣችው ባለቤቴን ስንቀብር ነው። ታምራትን የዚያን ጊዜ ይዛው ሄዳ እስከ ሰባት ዓመቱ አሳደገችልኝ።

አልጋ አነጠፍኩላት።

እሑድ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት 3፡00

ሙሉ ትናንት ገባች። ቀልዴን ሁሉ ትስቃለች። ከልጅነታችን ጀምሮ በእኔ ቀልድ ስቃ አታውቅም።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልጻፍ።

በዚህ ከተማ መርዶ ሲኖር ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው። ዘመዱ ከሩቅ እስኪደርስ ሰውየውን አጫውተው፣ እንዳይጠረጥር ይሉኛል። እኔም እሄዳለሁ። አስቀዋለሁ። የሚበላ ይላክለታል፣ የተጣላው ሰው ሰላም ይለዋል። ዘመድ ይደርሳል፣ አንድ ቀን ያርፋል። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበን በሩ ላይ እንቆማለን። ለዚህ ሥራ ከእኔ የሚሻል የለም። ስንቱን አስቄ አሳድሬ ጠዋት አስለቅሻለሁ።

አሁን በእኔ ላይ እየተሠራ ነው።

በደንብ አልተሠራም። እኔ ብሆን ሥጋውን ያን ያህል አላበዛውም ነበር። ሐጂንም ከውሻ ጋር አላስታርቅም። ወዲያው ያስነቃል።

ታምራት ሞቷል።

ጻፍኩት። መልሼ አነበብኩት። ፊደሉ ትክክል ነው። ደረቴን በእጄ ነካሁት። ምንም የለም። ሙሉ ቁርስ ብላ እያለች ትጠራኛለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 15። ጠዋት 2፡00

መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሥራ ቦታም አይነገርም። ሰው ቤቱ ነው የሚገኘው። ሕጉን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሻምበልን ይዤ ወጣሁ። ሙሉ ነቅታ ነበር፤ ትንሽ ቆይ፣ ይንጋ አለች። ሻምበል ቸኩሏል አልኳት።

ከግንቡ ሆኜ ቤቴን አየሁ። ስድስት ሰው። ሐጂ፣ ጌታሁን፣ መ/ርት ሰናይት፣ ሦስት የሰፈር ሴቶች። እህቴ ሙሉ በሩን ከፈተች። የለም እንደማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ቆሙ። ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ሄዱ። የሻምበልን አፍ በእጄ ይዤ ነበር፣ እንዳይጮህ።

መንገድ 5። ከግንቡ ኋላ። ይቻላል። ማንም አያይም።

እስካልተነገረኝ ድረስ ልጅ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት 9፡30

ሌሊት 10፡30 ላይ ወጣሁ። ከመሻገሪያው አልፌ፣ ከግራሩ አልፌ፣ መንገድ እስካለ ድረስ። ቁጥር አልሰጠሁትም። ሻምበል እሾህ ወጋው። አወጣሁለት። ትንሽ ሄዶ ቁጭ አለ። ገመዱን ብጎትት እንቢ። ይህ ውሻ በእኔ ላይ እንቢ ብሎ አያውቅም። ተሸክሜው ተመለስኩ። ከባድ ነው፣ ሥጋ ቤቱ አወፍሮታል።

በጓሮ ገባሁ። ሙሉ ጓዳ ውስጥ ነበረች፣ አላየችኝም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳዋለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ድምፅ የለም። ያሳደገችው ልጅ ነው። እኔ ሳልሰማ እሷ ማልቀስ አትችልም። ከዓርብ ጀምሮ ሰማች እንበል፤ አምስት ቀን። አራቱን በእኔ ቀልድ እየሳቀች።

ወደ ውጭ ወጥቼ በሩን በኃይል ከፍቼ እንደገና ገባሁ። ፊቷን ጠርጋ መጣች። ምሳ አቀረበች። ዛሬስ የት ደረሳችሁ አለችኝ፣ ፈገግ ብላ።

እኔ እንደሆንኩ ምንም አይሰማኝም። ዛሬም፣ አሁንም። ሙሉን ግን ይሰማታል። እኔ ስሸሽ ልቅሶዋን ዘግቼባት ነው የምሄደው።

ነገ አልወጣም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17። ንጋት 11፡20

ታጠብኩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ። ፓምፑን እሱ እንዲያስነሳው ትናንት ማታ ለረዳቴ ነግሬዋለሁ። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። አግዳሚውንና ወንበሮቹን ግቢ አወጣሁ። ሐጂ ምቹው ላይ ይቀመጡ፣ ወገባቸውን ያማቸዋል። ሻምበልን ፈታሁት። አልሄደም።

ለሙሉ፣ ዛሬ መንገድ የለም፣ እዚሁ ነኝ አልኳት። አየችኝ። ማወቄን አወቀች። አፏን ከፈተች፣ ቆይ አልኳት። እነሱ ይድረሱ፣ ብቻሽን አትሆኚ። እጄን ያዘችኝ። አሁንም እንደያዘችኝ ነው፤ በሌላው እጄ ነው የምጽፈው።

አልቀልድም ብያለሁ። ካመለጠኝ ይቅር ይበሉኝ።

ኮቴ ይሰማል። ብዙ ናቸው፣ ከሰኞም ይበዛሉ። በሩ ጋ ቆሙ። መግባት ፈሩ። ማንም የመጀመሪያውን ቃል አይናገርም፤ አውቀዋለሁ፣ ከባዱ እሱ ነው፣ ስንት ጊዜ እኔ ላይ ጥለውታል። ዛሬም እኔው ልበለው። ግቡ። ቤት ነኝ።