ፈረሷን ስፌት ቤት ያስገባሁበት ክረምት

ሐምሌ 8፣ ጧት
ፋንድያዋን ዛቅኩ። አመድ ነሰነስኩበት። ፈረሳችንን ሂዲግን ዝንብ ወሯታል፤ የዓይኗ ዳርና ዳር ጥቁር ሆኗል። ጭራዋ እስከዚያ አይደርስ! እግሯን ትመታለች፣ ጭንቅላቷን ትንጣለች። የኒም ቅጠል ቀቅዬ ውሃውን ሆዷንና አንገቷን ቀባሁ። ሸሹ። ፊቴን ሳዞር ተመለሱ።
ጃማ ከአልጋው ሆኖ ይጣራል። ጆሮዋን ቀባሽ ወይ፣ ከኋላዋ አትሂጂ ይላል። ጋሪው ተገልብጦ እግሩ በጀሶ ከታሰረ ወዲህ የባሌ ሥራ እኔን ማዘዝ ሆኗል። ያናድደኛል። ደግሞ እውነቱን ነው፣ ጆሮዋን ረስቻለሁ።
ልብስ የሚያሰፋ ሰው በር ላይ ቆሟል። ልሂድ።

ሐምሌ 11፣ ከሰዓት
የጎረቤታችን የሐሰን ፈረስ ሞተ። ትናንት እኮ ሲሚንቶ ሲጎትት አይቼዋለሁ። ዛሬ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ አፍንጫው ነጭ አረፋ ሞልቶበት። ሐሰን አጠገቡ ቁጭ ብሎ በሻሹ ዝንብ ያባርርለታል። ለሞተ ፈረስ። ቆሜ፣ ቆሜ፣ ተመለስኩ።
የእንስሳት ሐኪሟ ዶ/ር ሰዓዳ መጣች። ዝንቡስ ያሰቃያል እንጂ አይገድልም፤ የምትገድለው ትንኝ ናት አለች። ለዓይን እንኳ የማትሞላ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትወጣለች፣ እስኪነጋ ትነክሳለች። በሽታውን ከፈረስ ወደ ፈረስ የምታዞረው እሷ ናት። ክትባት አሁን በእጄ የለም፣ ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም አለች። ከመምሸቱ በፊት በር ያለው ቤት አስገቧት፣ ፀሐይ ሞቅ ሳይል አታውጧት። ከዓይኗ በላይ ያለው ጎድጓዳ ካበጠ ጥሩኝ።
በር ያለው ቤት! የሂዲግ ማደሪያ አራት እንጨትና ቆርቆሮ ነው።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.
በር ያለው ቤት አለኝ። ስፌት ቤቴ። ለጃማ ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ፣ በሩ ቁመቷን ይበቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሐምሌ 12
ቀኑን ሙሉ አልተቀመጥኩም። የስፌት መኪናዬ መኝታ ክፍል ገባ፣ ጨርቁ አልጋ ሥር። አሮጌ አጎበር ቀድጄ መስኮቱን ጋረድኩ። በተረፈው ለሂዲግ የፊት መሸፈኛ ሰፋሁ፣ ለቀን ዝንብ፣ ጆሮ ያለው። ልኬት ስወስድላት ቀጥ ብላ ቆመች። ስንት ደንበኛ እንዲህ በቆመልኝ።
በሩ ላይ ግን እምቢ። የጃማ ታናሽ ወንድም ሮብሌ ከፊት ይጎትታል፣ እኔ በፉርሽካ አባብላለሁ። ገባች። ወዲያው ወለሉን አበላሸች። የሙሽራ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ልጅ በሩን ብትከፍት ፈረስ! ጮኻ ሮጠች። እናቷ መጥታ ጨርቃችንን መልሺ አለች። መለስኩ።
ምናልባት አብጃለሁ።

ሐምሌ 17፣ ምሽት 1 ሰ.
ጨልሟል፣ ሮብሌ የለም። ቀን ቀን ጋሪውን የሚነዳው እሱ ነው። ቃላችን ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ነበር። መንገድ ድረስ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ሻይ አፈላሁ፣ አልጠጣሁትም። ዝናቡ ካባራ ወዲህ ንፋስ የለም፣ ትንኙ ፊቴ ላይ ይዞራል። እኔን እንዲህ ካደረገ እሷንስ?
መጣ። ከከተማ ውጭ፣ ከቱሊ ጉሌድ በኩል ጭነት ተገኘ አለ። አባዮ ይለኛል፣ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው።
“አባዮ፣ ትንኝ እኮ ናት! አላህ ከጻፈው በር ዘግተሽ ልታስቀሪው ነው?”
“ግመልህን ሳታስር ለአላህ አደራ ትላለህ?”
ሳቀብኝ። ጃማም፣ ሥራ ሥራ ነው ከድጃ፣ አለኝ። ከወንድሙ ጋር ወገነ። ሁለቱንም ትቼ ስፌት ቤት ገባሁ። ሂዲግን ጠረግኳት። ደረቷ ሥር ደም አለ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ።

ሐምሌ 20
ዛሬም አምሽቶ መጣ። ምላሴ ደክሟል።

ሐምሌ 25፣ ጧት
አልበላችም። ፉርሽካውን አሸተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንገቷ እንደ ምጣድ ያቃጥላል።
ዶ/ር ሰዓዳ ትኩሳቷን ለካች። ከዓይኗ በላይ ደጋግማ ዳሰሰች። ጠብቁ፣ አታንቀሳቅሷት፣ ውሃ አይለያት አለች።
ጃማ በክራንች እየተጎተተ መጣ። ከአልጋ ሲወርድ አልሰማሁትም። ወለሉ ላይ፣ ከእግሯ አጠገብ ቁጭ አለ። በሶማልኛ ያወራታል። ሂዲግ፣ ኮከብ ማለት ነው፤ ግንባሯ ላይ ባለው ነጭ የተነሳ እሱ ነው ያወጣላት። ሲያለቅስ አየሁት። ጋሪው ሲገለበጥ እንኳ አላለቀሰም።
ሮብሌ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ግባ አላልኩትም።

ሐምሌ 26
ከግራ ዓይኗ በላይ ያበጠ መሰለኝ። ደግሜ ዳሰስኩ፣ አዎ። ደግሜ ዳሰስኩ፣ እኔ እንጃ። አፍንጫዋን አያለሁ፣ አረፋ እፈልጋለሁ። የለም። መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ክሩ ተበጠሰ፣ ተነሳሁ። ሐሰን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ዱዓ አደረገላት። የራሱ ሞቶበት ለሰው።
ሮብሌ አሁንም ድንጋዩ ላይ ነው። ሻይ ላክሁለት። ብርጭቆውን ራሱ ይዞት መጣ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ “አባዮ፣ አላመንኩሽም ነበር” አለ። ጨከንኩበት፣ ብርጭቆውን ተቀብዬ ፊቴን አዞርኩ። አሁን ስጽፈው ቆጨኝ።

ሐምሌ 29
እብጠቱ ከትናንቱ አልጨመረም። ውሃ ጠጣች።

ነሐሴ 2፣ ከሰዓት
በላች! ከእጄ፣ ጭብጥ ሣር፣ ቀጥሎ የሻርፔን ጫፍ። አንገቷ ቀዝቅዟል። ዶ/ር ሰዓዳ፣ በሽታው ቀለል ባለ መልኩ ነው የያዛት፣ ብዙዎቹ እንዲህ አይተርፉም አለች። ገና ብዙ ማረፍ አለባት። አጎበሩም አይወርድም፤ የበሽታው ዓይነት ብዙ ስለሆነ ሌላው ሊይዛት ይችላል።
ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ከዚያ ፋንድያ ዛቅኩ።

ነሐሴ 6፣ 10 ሰ.
እንቅልፍ ነስቶኝ የሰነበተውን ነገር ዛሬ አወጣሁት። ለጃማ፣ ሂዲግ ስትድን ጋሪውን እኔ ነኝ የምነዳው፣ አንተ እስክትቆም ድረስ አልኩት። ጅግጅጋ ምን ይላል አለ። ሴት ጋሪ ነጂ። ያሻውን ይበል፣ እኔ ከምሽቱ በፊት ቤቴ ነኝ አልኩት። ክራንቹን አነሳ፣ መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ሊቆጣ ነው ብዬ እጄን እያፍተለተልኩ ቆምኩ።
“ስታዞሪያት ልጓሙን አትጎትቺ” አለኝ በመጨረሻ። “አፏ ስስ ነው። በድምፅ ንገሪያት።”
ሮብሌ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ተወው። ልጓሙን ከምሰሶው ላይ አውርዶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ተቀበልኩት።