ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው

ፍኖተ ሰላም
ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለያይኔአበባ ቢሰጥ
ኪየቭ

ልጄ ያይኔአበባ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ጆሮ የሚቆርጠው ብርድ ጀመረ ወይ? «ደህና ነኝ የሚለውን ይተዉና ቁጥሩን ይጻፉልኝ» ብለሽኝ የለ፣ ይኸው ቁጥሩ። መቶ ሰማንያ የነበረው የደም ግፊቴ መቶ አምሳ ገብቷል። ስኳሩም ወርዷል። ሰማንያ ስድስት ኪሎ የነበረው አባትሽ ሰባ ዘጠኝ ሆኗል፤ እናትሽ ሱሪዬን ሁለት ጊዜ አጥብባዋለች። እግሬም ወደ ማታ ማበጡን ትቷል። ሐኪም ልጅ ከመውለድ ይሰውራችሁ እያልኩ ለሰው ሁሉ የማማሽ በከንቱ ነበር ማለት ነው። ሌላም የምነግርሽ አለ። እሱን በተራው እጽፈዋለሁና ታገሺኝ።

ሐምሌ ላይ ሐኪሙ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው እንዲህ የሆኑት፤ አሁንም ካልተንቀሳቀሱ ወይ እግርዎን ወይ ልብዎን ያጣሉ» ሲለኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ። ለባልደረቦቼ እየሳቅኩ አወራሁት እንጂ ፈርቻለሁ። ከእኔ በፊት መዝገብ ቤቱን ይዞ የነበረው ክንፈሚካኤል እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ ነው የቀረው፤ እኛ ተኝቷል ብለን ሻይ ልንጠጣ ወጥተን ነበር። ስለዚህ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ያዘዝሽኝን አንድ በአንድ እፈጽማለሁ ብዬ ማልኩ።

«በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበርዎ ይነሡ» ያልሽው ግን እዚያው እናንተ ዘንድ የሚሠራ ነገር ነው። እኔ ስነሣ ምን ሆነ መሰለሽ? ክፍሉ ውስጥ ያሉት አራቱ ጸሐፊዎች አብረው ብድግ አሉ! ታላቅ ቆሞ እንዴት ይቀመጡ? «ኧረ በእግዚአብሔር ተቀመጡ፣ ወገቤን ላፍታታ ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ቆመው!» አሉኝ። ተቀመጥኩ፣ ተቀመጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሣሁ፣ ተነሡ። ባለጉዳዩ ሳይቀር ደንግጦ ባርኔጣውን አወለቀ። ኃላፊያችን በሩን ከፍቶ ሁላችን ተገትረን ቢያየን «ምንድን ነው፣ የሕሊና ጸሎት ነው?» ብሎ እሱም ቀጥ አለ። አሁን ለምደውታል፤ ታይፒስቷ ሸጋዬማ የትከሻዋ ሕመም ተሻላት።

የባሰው የእግር ጉዞው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ይራመዱ ብለሻልና፣ ከሥራ በፊት በቡሬ መንገድ ወጥቼ እስከ ወንዙ ደርሼ መመለስ ጀመርኩ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው አያውቅም። ወይ ገበያ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ለቅሶ ነው። እኔ ባዶ እጄን ጋቢዬን አጣፍቼ፣ ከዘራዬን ይዤ ስገሰግስ ያየኝ ሁሉ «ማን ሞተ?» ይለኛል። «ኧረ ማንም» እላለሁ። መርዶ የያዘ ሰው የሚመልሰው ይህንኑ መሆኑን ዘንግቼ! በሦስተኛው ቀን ዞር ብል ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላዬ ይከተሉኛል። የሞተ ሰው የለም ብዬ ለመመለስ ስንት ለፋሁ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። መስከረም አምስት ቀን ግን በጌጥነሽ ደጅ አለፍኩ። የገደፋው እናት ናት፤ ልጇ በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። እኔ ደግሞ የስም ዝርዝር የሚመጣበት መሥሪያ ቤት ሰው ነኝ። በማለዳ ከዘራ ይዤ ወደ አጥሯ ስጠጋ ባየችኝ ጊዜ «ወየው ልጄን!» ብላ በግንባሯ ተደፋች። ውሃ ረጭተን አነሣናት። ስለ ስኳሬና ስለ ደሜ ተናግሬ፣ «ልጅሽ በሕይወት አለ፣ ምንም የመጣ ወረቀት የለም» ብዬ በሚካኤል ማልኩላት። ስታምነኝ ጊዜ ደግሞ ቁጣዋ መጣ። «አንቱ ሰውዬ፣ ለራስዎ ጤና ብለው እኔን ይገድሉኛል እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ መሄዱን ተውኩት። በሳምንቱ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ይህን ሰምታ ራሷ ጌጥነሽ ቢሮ ድረስ መጣች። «ነገ ይምጡ። ግን ያን ከዘራ ቤትዎ ይተዉት፣ አርጩሜ ይዘው ይምጡ። ጥጃዬን እስከ ወንዙ መስክ ይነዱልኛል። መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው ጥጃ ሲነዳ አይታይም፤ እኔም አልደነግጥ፣ ጎረቤቱም አይደነግጥ» አለችኝ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትሽ እረኛ ነው። ጥጃዋ ስለምትሮጥ እኔም እሮጣለሁ፤ መስኩ ላይ ካስማ መትቼ አስሬያት ላቤን እየጠረግኩ እመለሳለሁ። አንቺ ካዘዝሽውም በላይ ሆነ።

እንግዲህ ያ ሌላው ነገር ይህ ነው። ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀን አንድ ኤንቨሎፕ መጣ። እንደ ሥራዬ ከፍቼ የገቢ ቁጥር ሰጠሁት። ሰባት ስም ነበረበት፤ ሦስተኛው ገደፋው ነው። ሞቷል፣ ልጄ። ወረቀቱ ነሐሴ ሃያ ሦስት ቀን ይላል። እናቱ ደጇ ላይ ወድቃ እኔ በሕይወት አለ ብዬ ስምልላት፣ እሱ ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር።

ለነፍስ አባቷ ለአባ ወልደ ሥላሴ ነገርኳቸው። የገደፋው እኅት ንግሥቴ እርጉዝ ናት፤ ከእናቷ ጋር ናት ያለችው፣ ከዚህ ቀደምም ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። «የካቲት ላይ እስክትገላገል ድረስ አይነገርም» አሉ። እኔም «እንግዲያስ በዚያ በኩል አልሄድም» ብላቸው «ከቀሩባት ታውቃለች፤ ይሂዱ» አሉኝ። ስለዚህ በየጠዋቱ እሄዳለሁ። ጥጃዋን ፈትታ ገመዱን በእጄ ትሰጠኛለች። «መልክዎ ተመለሰ እኮ፣ እሰይ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከላይ የጻፍኩልሽ ቁጥር ሁሉ የተገኘው በዚህ ነው። አፍራለሁ፣ ልጄ።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር፣ ያውም ብቻዋን ላለች ልጅ እንደማይነገር አውቃለሁ። ግን በሰው ወሬ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። በየደብዳቤሽ ከእናትሽ ስም ቀጥሎ የምትጽፊው የእሱን ስም ነው። ለምን ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ያችን እዚያ አብራሽ የምትማረውን የደምበጫዋን ልጅ ሀብትነሽን አጠገብሽ ጥሪያትና አልቅሺ። እስኪወጣልሽ ድረስ አልቅሺ፤ ትምህርት አለብኝ ብለሽ አትዋጪው። እህልም አትተዪ።

ከዚያ በኋላ አንድ የምለምንሽ አለ። ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር ጌጥነሽ «የልጅቱን ሰላምታ ያንብቡልኝ» እያለች እኛ ቤት ትመጣለች፤ የገደፋው ስም ያለበትን ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ታስደግመኛለች። የአሁኑ መልስሽ ከየካቲት በፊት ይደርሳል። ስሙ ቢጎድል ከፊቴ ላይ ታነበዋለች። ስለዚህ እጅሽን አጽንተሽ፣ እንደ ወትሮሽ፣ ለእሱም ሰላምታ ጻፊለት። «ገደፋውስ ደብዳቤ ጻፈላችሁ ወይ?» ብለሽም ጠይቂ።

እመቤታችን በሰው አገር እናት ትሁንሽ። ልብሽን ታጽናልሽ፣ ጨርሰሽ በደህና ለመግባት ታብቃሽ።

አባትሽ
ቢሰጥ ገብረሰንበት