የአባቴ ምንሽር በአያ ስመኝ ለቅሶ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ዳንግላ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ስሚኝማ ደብተርዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። በመጽሔት ዓምዴ «ሳታነቡ አትፈርሙ» እያልኩ አገሩን የምቆጣው ሴትዮ፣ የራሴን ፈቃድ ጀርባ ገና ዛሬ አነበብኩት። ያውም ደብዳቤ ሲመጣብኝ። ፊቴ ጋለ።

ደብዳቤው ከመሣሪያ ፈቃድ ጽ/ቤት ነው። የአባቴን ምንሽር በቤተሰብ ቅርስነት እንዳስቀምጥ የተሰጠኝ ልዩ ፈቃድ ሊሰረዝ ነው። እስከ ዓርብ በጽሑፍ መልስ ካልሰጠሁ ጠመንጃው ለመንግሥት ገቢ። ምክንያት፦ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት።

ሰጥቻለሁ እኮ! ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አያ ስመኝ አረፉ። በእኛ ዘንድ እንደሳቸው ያለ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጠመንጃው ወጥቶ ነው የሚለቀስለት። ፈረሱ አለ። ጠመንጃውን ግን ባለቤታቸውን እትዬ ጥሩን ሊያሳክሙ ሸጠውታል። እትዬ ጥሩ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። ገባሁ፤ የአባቴን ምንሽር ከሳጥኑ አወጣሁት። ጥይት የሚባል የለውም። የአያ ስመኝ የወንድም ልጅ አንግቶት ከፈረሱ ጎን ዞረ፤ ከቀብር መልስ አምጥቶ አስረከበኝ። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀዋ። ይኸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ከሰዓት

ጽ/ቤት ደርሼ መጣሁ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ትሁት። ወንበር ሳበልኝ። ቪዲዮውን ከፈተልኝ። ፈረሱ ሲያምር! እኔ ግን ሻሼ ዞሮ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ... ይሄን ነው አገር ያየው? ከዚያ ከፈቃዱ ጀርባ ያለውን ዝርዝር አነበበልኝ። ለሌላ መስጠት ያሰርዛል። ከተፈቀደበት ቤት ማውጣት ያሰርዛል። ሲጠፋ አለማሳወቅም ያሰርዛል። ለቅሶስ? አልኩት። ለቅሶ የሚል የለም አለኝ።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሳላውቅ ነው የወሰዱት ብዬ ብጽፍ ለእኔ በማስጠንቀቂያ ሊያልፍ ይችላል። የወሰደውስ? ብዬ ስጠይቀው ወረቀቱን አገላበጠ። ሌባ ይባላላ! የሦስት ልጆች አባት፣ ያጎቱን ሬሳ በወጉ በሸኘ።

በጣም ተናድጃለሁ። በኃላፊው አይደለም፤ በራሴ ነው። «ማስጠንቀቂያ» ሲለኝ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ምሳ ሰዓት

ታናሽ ወንድሜ ታደለ ከጫግኒ ደወለ። ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቆላ ይወርዳል። አላውቅም በይና ገላግይን ይለኛል፤ የአባታችን ማስታወሻ በአንቺ ግትርነት ሊሄድ ነው ይለኛል። ጮኸ። ጮኽኩ። ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ተመስገን።

ስልኩን ሳላስቀምጥ እትዬ ጥሩ ገቡ። መጀመሪያ ለራሳቸው በአዊኛ አጉተመተሙ፤ ቀጥሎ በአማርኛ፦

«እትዬ ጥሩ ሰረቁኝ ብለሽ ጻፊ።»

«ምን አሉ እትዬ?»

«በእኔ ዕድሜ የት ያስሩኛል? ቢያስሩኝስ፣ እዚያም ወሬ አይጠፋ።»

ሳቅን። ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብን። አያ ስመኝ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር ብንባባል ደግሞ እንደገና ሳቅን። አልጽፍም አልኳቸው። ተቆጡኝ። «እንዳባትሽ ደረቅ!» ብለው ወጡ። ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ጻፍኩት። አንድ ገጽ አልሞላም። ማንም አልሰረቀኝም። አስቤበት፣ በእጄ ሰጥቻለሁ። ጥይት አልነበረውም፤ አልተተኮሰም፤ በዕለቱ ተመልሷል። አንድ ሰው እንደ ወጉ እንዲቀበር የሰጡትን ዕቃ «አሳልፎ መስጠት» ካላችሁት ፈቃዱን ሰርዙ። እኔ ግን አልተጸጸትኩም። ደግሞ እዚህ ብትሰርዙት እንጅባራ፣ ዞን ድረስ ይግባኝ እላለሁ። ሁለቴ አነበብኩት። ፈረምኩ።

ምንሽሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሳይነጋ አወጣሁት፤ ወለወልኩት፤ መለስኩት። አባቴ ይዞት ያረጀ ዕቃ ነው። ከሄደም ይሂድ። የሰው ስም አጥፍቼ ግን አላስቀረውም።

ባጃጁ ደጅ ላይ ጥሩምባውን ያስጮሃል። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመውኝ ተሳፍረዋል። ውረዱ ብላቸው አልሰሙም። ኃላፊውን የሚሉት አላቸው አሉ። ምን እንዳሉት፣ እሱም ምን እንደመለሰ፣ ተሸንፌ ብመጣም አንዲት ቃል ሳላሳምር እጽፍልሻለሁ። አሁን ግን እትዬ እየተጣሩ ነ—