ስለ ሁለተኛው ዘፈን

ቢቸና፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩአየሁ ፋንታ
ሮተርዳም

ልጄ ሆይ፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ያስቸግረኛል፤ ዳገቱን ግን እስካሁን አልፈራሁትም። የቤቱ ጣራ በምሥራቅ በኩል ያፈሳል፤ ከበጋው ሳልወጣ አስጠግነዋለሁ። ጥርሴን ጠይቀሽኛል። የቀረው ይበቃኛል።

በፖስታ ቤት በኩል ስጽፍልሽ የኖርኩት ስለ ዝናብና ስለ እህል ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ይህን ደብዳቤ ግን ካሴቱን ያመጣልኝ ሆላንዳዊ፣ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ በእጁ ይዞልሽ ይመጣል። ቅዳሜ ስለሚሄድ ሦስት ቀን አለኝ። ደኅና ሰው ነው፤ አማርኛው የሕፃን ነው፤ ሲቀመጥ ግን ሳይፈቀድለት አይቀመጥም።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ከሙዚቃ ባንዴ ጋር ሁለት አዲስ ዘፈን ሠርተናል፣ በጥር ታትሞ ለሕዝብ ይወጣል፤ አንዱ ስለ ወንድሜ ነው፣ ሁለተኛው ስለ እርስዎ ነው፤ አይውጣ ካሉኝ ሁለተኛውን አስቀረዋለሁ ብለሻል። መልሴን ከመጨረሻው አስቀምጬዋለሁ። ዘለሽ እንዳታነቢ።

ቴፕ ስለሌለኝ ካሴቱን ይዤ ወደ ውበቴ ሄድኩ። ከበላያችን ያሉት የእነ ባንቺዓለም ልጅ ነው፤ ዛሬ ልብስ ሰፊ ሆኗል፤ ገበያው ዳር ሱቅ አለው።

«አያ ፋንታ፣ መዝሙር ነው?» አለኝ።

«የልጄ ድምፅ ነው።»

«ጥሩአየሁ ዘፋኝ ሆነች?»

«አላውቅም። እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

ካሴቱን አስገብቶ ሲጫነው በቆርቆሮ ጣራ ላይ በረዶ የወረደ መሰለኝ። ውበቴ ዘሎ አጠፋውና «ካሴቷ ቴፔን በላችው!» ብሎ ካሴቱን አወጣ። በእርሳስ አጠንጥኖ፣ አራግፎ፣ የባትሪ ድንጋዩን ሁሉ ቀይሮ መለሰው። ያው በረዶ ወረደ። «ኧረ ደኅና ነው» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ነው ማለት ነው የተዘፈነው።»

ከዚያ ያንቺ ድምፅ መጣ። ውበቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና፦

«ከማን ጋር ነው የተጣላችው?» አለኝ።

«ከመንግሥት ጋር።»

«ከየትኛው?»

«ከሁሉም ይመስለኛል» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። በማላውቀው ቋንቋ መካከል የወንድምሽ ስም ወጣ። «ደምለው!» ብለሽ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ ጮኽሽ። ውበቴ የበሩን አንድ መዝጊያ ገፋ፣ ከስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠና ጨርቅ ሳያስገባ ይረግጣት ጀመር። መንገደኛ ሲያልፍ የልብስ ስፌት ብቻ እንዲሰማ ነው። መርፌው ባዶውን ሲወርድና ሲወጣ፣ እግሩ ሳያስበው የእናንተን ከበሮ ተከተለ።

ራፕ ማለት ቃልን ሳያዜሙ በከበሮ ምት ላይ መናገር ነው፣ ፓንክ ማለት ደግሞ መሣሪያውን በደንብ ሳይችሉም ቢሆን በንዴት መጫወት ነው ብለሽ ጽፈሽልኛል። የመጀመሪያው ገብቶኛል። እናትሽ ለቅሶ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ዜማውን ትታ የሟቹን ሥራ በቃል ስታወርድ፣ ትንፋሽ የት እንደምትወስድ አይታወቅም ነበር። ያንቺም አይታወቅም። ሁለተኛው ግን አልገባኝም። የማይችሉትን ነገር ሰው ፊት መሥራት ነውር ነው። ጊታሩን የምትመታው ልጅ ትማር።

አሁን ስለ መጀመሪያው ዘፈን። በአማርኛ መልሰሽ የላክሽልኝን ወረቀት ይዤ ነው የሰማሁት። አርባ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ጽፌአለሁ። ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ዳኞች የጣሉትን ውሳኔ እየለቀምኩ፣ እየገለበጥኩ የተማርኩት ነው። ስለዚህ አትቆጪ፤ ይህ ዘፈን አቤቱታ ሆኖ ቢቀርብልኝ እመልሰው ነበር። «ገደሉት» ይላል። እነማን? «አንድ ማለዳ» ይላል። የትኛው? «በአገሬ» ይላል። አገሩ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለውን ክስ የሚሰማ ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ ጻፊ። ደምለው ፋንታ፣ ዕድሜው ሃያ አራት፣ ሥራው ሞጣ ከተማ መምህር። ሰኞ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም. ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከከተማው በታች ካለው ባሕር ዛፍ ሥር፣ በሁለት ጥይት። ያዘዙትንና የተኮሱትን ሰዎች ስም በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አኑሬልሻለሁ። በከበሮው ላይ ይግባ አይግባ አንቺ ታውቂያለሽ። ጠፍቶ እንዳይቀር ነው።

ሁለተኛውን ዘፈን በዚያው ቀን ሰማሁት። አንድ ቦታ ላይ በወረቀትሽ እንዲህ ይላል፦

በር ላይ የቆሙት ጠመንጃ ያዦች ነበሩ፣
የእናቴ አፍ ላይ የነበረው ግን የአባቴ እጅ ነው፤
መንግሥት ከደጅ አልገባም፣
ከውስጥ ተቀምጦ ነበር።

«ይሄኛውስ ስለ ማን ነው?» አለኝ ውበቴ፣ እየረገጠ።

«ስለ እኔ።»

«ያወድሳል?»

«አያወድስም።»

አንገቱን ደፍቶ መርገጡን ቀጠለ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላም ብዙ ጊዜ ረገጠ።

ሦስት ቀን ተቆጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የምነግረውም ሰው የለም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስመላለስ ከወንበሩ ጋር የተጣላሁ እመስል ነበር። በአራተኛው ቀን ተቀምጬ የመከላከያ መልስ ጻፍኩልሽ፤ ሁለት ገጽ ሞላ። እኔና ሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች ከሞጣ አብረን ስንደርስ አንቺ ከሩቅ አይተሽን ጎተራው ውስጥ መግባትሽን፣ ጤፉ እስከ ደረትሽ መድረሱን፤ የመጡት ለቅሶ እንዳይነሣ ለመጠበቅ መሆኑን፣ አንቺንም ይፈልጉሽ እንደነበር፤ እናትሽ አንዲት ጊዜ ብትጮህ ሰፈሩ እንደሚሰበሰብ፣ ሰፈሩ ሲሰበሰብ ደግሞ ቤቱ እንደሚፈተሽ፣ ሁሉንም በተራ ጻፍኩት። ሳነበው ሁሉም እውነት ነው። ጽሑፉም ንጹሕ ነበር፤ አንድ ስርዝ የለበትም።

ስርዝ እንደሌለበት ሳይ ሌላ ወረቀት ትዝ አለኝ። መልሱን ቀደድኩት።

ስለዚያ ወረቀት ለእናትሽም አልነገርኳትም። ዘፈንሽም አያውቀውም። ደምለው የተገደለ ዕለት ሞጣ ላይ ጠርተውኝ «ልጄ የአብዮቱ ጠላት ነበር፤ የተወሰደበት እርምጃ ትክክል ነው፤ ለቅሶ አልቀመጥም» የሚል ጽሑፍ ፈርም አሉኝ። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ማሰር አይችልም። መነሻውና መድረሻው ተደበላልቋል፤ የልጄን ስም ከታች አስቀምጦ የእኔን ከላይ አድርጎታል። እያነበብኩ፣ ልጄ ገና ከባሕር ዛፉ ሥር ሳይነሣ፣ «ይህ እንዲህ አይጻፍም» አልኩት። ማንም አላዘዘኝም። ብዕሩን ከእጁ ወስጄ፣ አዲስ ወረቀት አስመጥቼ፣ አስተካክዬ ገለበጥኩት። ከዚያ ፈረምኩ። አለቃቸው አንብቦ «አባት፣ ጥሩ ይጽፋሉ» አለኝ።

አሥር ዓመት ከስድስት ወር ሆነው። ለሰው ሁሉ አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ለልጄ የጻፍኩለት ያንን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም አቤቱታ አልጻፍኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ዓይኔ ደክሟል እላለሁ። ዓይኔ ደኅና ነው።

እናትሽም ከዚያ ቀን ወዲህ አላወረደችም። ከደብረ ወርቅ እስከ ሞጣ ለቅሶ ሁሉ ይጠሯት የነበረችው ሸዋነሽ፣ ስትጠራ ትሄዳለች፣ ከሴቶቹ መካከል ቁጭ ትላለች፣ አፏን ሳትከፍት ትመለሳለች። ስታርፍ በጻፍኩልሽ ደብዳቤ በሰላም ኖራ በሰላም አረፈች ብዬሻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የኖረችው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነው፤ ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ስሜን ግን አንድ ቀን አልጠራችም። እንግዳ ሲመጣ «እሱ ቤት የለም» ወይም «እሱ አለ» ትላለች። የደምለውን ካፖርት በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ አውጥታ ታጥባለች፣ አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ትመልሳለች። ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ለቅሶው አንድ ቀን ሲፈቀድ ሜዳው ላይ የሚቀመጥ ልብስ ያስፈልጋል።

ያለፈው እሑድ ካፖርቱን ይዤ ውበቴ ዘንድ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ይጥበብ ወይስ ይስፋ?» አለኝ።

«አይነካም። ይቀመጥ ብቻ። የመጀመሪያውን ዘፈን ክፈትልኝ።»

ውበቴ ካፖርቱን አየ፣ እኔን አየ። መኪናውን መርገጥ ጀምሮ ነበር፤ የወንድምሽን ስም ስትጠሪ እግሩን አነሣ። ተነሥቶ ቆቡን አወለቀ። ዘፈኑ ያለ መኪናው ድምፅ በግማሽ በር ወደ ገበያው ወጣ። ለማቆም እጄን አላነሣሁም።

ቀሚሷን ልትወስድ ስንቄ ገባች፤ ከእናትሽ ጋር ለቅሶ ለቅሶ ትዞር የነበረችው ስንቄ ናት። ከደጃፉ ቆማ ካፖርቱን አየች። ነጠላዋን ፈታ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ቃሉ አንዱም አልገባትም። እስኪያልቅ ቆማ ሰማችና፦

«የማን ድምፅ ነው?» አለች።

«የጥሩአየሁ ነው እኮ፣ እማማ ስንቄ» አላት ውበቴ።

«እናቷን መስላ ታወርዳለች» አለች። ወደ እኔም ዞራ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ አያ ፋንታ» አለችኝ። በአሥር ዓመት ከስድስት ወር ውስጥ ስለ ደምለው ይህን ቃል ያለኝ ሌላ ሰው የለም። ቀሚሷን ረስታ ሄደች።

እንግዲህ መልሴ። ሁለተኛውም ይውጣ።

ስምዎን ብጠራ ይመጡብዎታል ብለሽ ፈርተሻል። ይምጡ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ቤት የሚወስዱብኝ ሰው አልቀረም። ስሜን ሙሉውን አስገቢ፤ ፋንታ ከፋለ። የሞጣውንም ወረቀት ጨምሪ፣ ገልብጦ የጻፈውም ማን እንደሆነ ይነገር። ጎተራው ግን አይግባ። እሱ የገባ እንደሆነ ሰሚው ሁሉ ይቅር ይለኛል፤ ይቅር ማለት ደግሞ የሰሚው ሥራ አይደለም።

አንድ ስሕተት አለበት፤ ሳይታረም እንዳይወጣ። «የአባቴ እጅ» ብለሻል፣ አንድ እጅ። ከጎተራው ውስጥ ሆነሽ ማየት አትችይም ነበርና አልፈርድብሽም። ነገር ግን እንዲያ ሲባል በአንድ እጁ አፏን ይዞ በሌላው ያቀፋት ይመስላል።

አላቀፍኳትም። ሁለቱም እጆቼ አፏ ላይ ነበሩ። አርሚው።

አገሩ ብርድ ነው ይላሉ፤ አንገትሽን ሸፍነሽ ጩኺ። ከእኔ አስቀድሞ የእናትሽ ምርቃት ይድረስሽ፤ በዚያ ቀን ከአፏ ሊወጣ የነበረው ሁሉ ወደ ጉሮሮሽ ይግባ፣ ከእንግዲህም የሚከለክለው እጅ አይምጣበት። ቴፕ እገዛለሁ። ሌላ ስትሠሪ ላኪልኝ።

አባትሽ
ፋንታ ከፋለ