በደጃፍዎ ስለተሰለፈው ግድግዳዬ

ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። ወገብዎና ወንበርዎ ሳይለያዩ ረጅም ዘመን እንዲኖሩ፣ የመኪናዎ መስታወትም እንደ ዛሬው ጠቁሮ እኛን ከማየት እንዲጠብቅዎ ከልቤ እመኝልዎታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ግድግዳዬ ግን ደህና አይደለም፤ በአደባባይ መጻፌም ስለ እሱ ነው።

ዓይኔ ደክሞ መርፌ ያስቀመጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ደንበኞቼ ጨርቅ ጠቅልለው ከሚያመጡበት ጋዜጣ ስለሆነ የጀመርኩት ዜና ሁሉ መጨረሻው የተቀደደ ነበር። የክፍልዎ አሠራር ያንን ዘመን ያስታውሰኛልና ስለ ትዝታው አመሰግናለሁ።

የመኝታ ክፍላችን የድንጋይ ግድግዳ ወደ ውስጥ፣ ባለቤቴ ወደምትተኛበት በኩል አዘነበለ። ያለ ፈቃድ መጠገን ያስቀጣል ስለተባለ እኔና የባለቤቴ ወንድም በግንድ ደገፍነውና ፈቃድ ልጠይቅ ወደ እርስዎ መጣሁ። አቤቱታዬ ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ፦ በደጃፍዎ ሰው ሳይሆን ድንጋይ ስለሚሰለፍበት ሥርዓት የተሰማኝን አድናቆት ልገልጽ እወዳለሁ። ቀኑን ሙሉ መቆም ያቃተው ባለጉዳይ ድንጋዩን በወረፋው ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ወረፋው ሲንቀሳቀስም ዘበኛው በእግሩ ይገፋዋል። ድንጋይ አይርበውም፣ አያጉረመርምም፣ ኃላፊው የት ሄዱ ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ሕዝብ የተመኘ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው፤ ያገኘው ግን የእርስዎ ብቻ ይመስለኛል።

፪ኛ፦ ትንንሹ ድንጋይ እየተንከባለለ ሥርዓት ያበላሻል ተብሎ «ከሰው ጭንቅላት ያነሰ ድንጋይ አንቀበልም» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። በቤቴ እንዲህ ያለ ድንጋይ ያለው ግድግዳው ላይ ብቻ ነበር። አንድ ቢጎድል ምን ይሆናል ብዬ ከግርጌው ፈልቅቄ አመጣሁ። በማግስቱ ድንጋዬ የለም። ዘበኛውን ብጠይቀው፣ «አባባ፣ የእርስዎ ድንጋይ ትናንት ተጠርቶ አቤት ስላላለ ተሰርዟል» አለኝ። ሌላ ፈልቅቄ አመጣሁ። እሱም አቤት አላለም። ከዚያ በኋላ ስንት እንዳመጣሁ አልቆጠርኩም፤ ፈቃዱን ሳላገኝ እንደማልመለስ ግን ምዬ ነበር፣ እኔ ደግሞ መሐላዬን የማጥፍ ሰው አይደለሁም።

፫ኛ፦ ማታ ያልነበረ እብነበረድ ጠዋት ከሁላችንም ድንጋይ ፊት ተገኘ። ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱ የቤተሰብ ድንጋይ ነው» አለኝ። ድንጋይም ዘመድ እንዳለው በስተርጅና ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

በዚህ እብነበረድ ምክንያት ቤቴ ፈረሰ። ግድግዳውን ማለቴ አይደለም፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። የባለቤቴ ወንድም ዕድሜውን በማተሚያ ቤት የጨረሰ፣ ሁሉን ነገር ከሀብታምና ከድሃ መደብ ጋር ስለሚያያይዝ ሰፈሩ «አቶ መደብ» እያለ የሚጠራው ሰው ነው። እኔ የአገር በሽታ ሌባ ሹም ነው፣ ጉቦ ይጥፋ እንጂ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል እላለሁ። እሱ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ዘበኛው መልአክ ነው እንበል። ዋናው መንገድ ላይ ፎቅ የሚሠራው ሰውዬ እዚያ ድንጋይ አስቀምጦ ያውቃል? ፈቃዱን ቤቱ ድረስ የወሰደለት የኃላፊው ሾፌር ነው። ጉቦ እንኳ አልከፈለም፣ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? እብነበረዱ የሾፌሩ ነው፤ ለኩሽናው» ይለኛል። ይህም ሌብነት ነው አልኩት። «ሌባው ሁሉ ነገ ቢታሰር እኮ እርስዎ ድንጋይ ተሸካሚ፣ እሱ ባለፎቅ ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ» አለኝ።

ይህን የምንባባለው የመደገፊያውን ግንድ ልናጠብቅ ከሁለት ጫፍ ይዘን ነበር። እሱ ተናዶ ለቀቀ። እኔም እሱ የለቀቀውን ብቻዬን ይዤ አልቆምም ብዬ ለቀቅኩ። ባለቤቴ ሁለታችንንም አይታ ፍራሿን ጠቀለለችና፣ «ሲወድቅ ማን አሸነፈ ብዬ ከሥር ሆኜ አልጠይቃችሁም» ብላ ወንድሟ ቤት ገባች። ግድግዳው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ እንደማትመለስ አስታውቃኛለች። ክቡር ሆይ፣ አብረው ካረጁ ሁለት ሰዎች አንዷ እንዲህ ስትወጣ ቤቱ ምን እንደሚመስል እርስዎን ላለማስጨነቅ አልፈዋለሁ።

፬ኛው አቤቱታ ስለ ወገብዎ ዙሪያ መጨመር ነበር፤ በሙያዬ ያለ ሜትር ስለምለካ። ባለቤቴ በሰው ሰምታ አውጣው ብላ ስለላከችብኝ አውጥቼዋለሁ።

፭ኛ፦ ከሥሩ እየተነቀለ ደጃፍዎ ሲሰለፍ የከረመው ግድግዳ ባለፈው ሳምንት ፈቃድ ሳይጠብቅ ወደቀ። አዘንብሏልና እዩልኝ ብዬ ስለምነው ያልመጣው ተቆጣጣሪዎ በማግስቱ ከተፍ አለና ያለ ፈቃድ በማፍረስ ከሰሰኝ። እኔ አላፈረስኩትም፣ ራሱ ነው የወደቀው ብዬ ብነግረው፣ «ታዲያ ለምን አልከለከሉትም?» አለኝ። ግድግዳ ሲከለከል እንደሚሰማ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስልኝ።

ልከሳችሁ በግቢዎ ውስጥ ወደ ተሠራችው አዲስ ክፍል ሄድኩ። «የሙስና ጥቆማ መቀበያ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎባታል። በሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። በክፍሏ ግድግዳ ላይ፣ በደረቴ ከፍታ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ድንጋይ አየሁ፤ ቀለሙ መሐል ላይ ተልጦ ነጥቷል። ባለቤቴ ስትተኛ እግሯን የምታሳርፍበት ድንጋይ ነው። ከጎኑ ሌላው፣ ከሥሩም ሌላው። አቤት ያላሉት ድንጋዮቼ ሁሉ እዚያ ተደርድረው፣ በሲሚንቶ ተይዘው፣ እኔ ቤት ከነበሩበት ይልቅ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የክፍሏ በር ደግሞ ሁለት ነው። በአንዱ ላይ «ለክቡራን» ተጽፏል፣ ማንም የለበትም። በሌላው ላይ «ለባለጉዳይ» ተጽፏል፣ ከፊቱ ድንጋይ ተሰልፏል።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ከራሴ ግድግዳ ጋር ተያየሁ። አቋሜ አልተለወጠም፤ ግድግዳዬን የወሰደው ሌባ ነው። ነገር ግን እብነበረዱን ማንም እንዳልወሰደው ልብ አልኩ። ይህን ለባለቤቴ ወንድም እንዳይነግሩብኝ አደራ እላለሁ።

ለክብርዎ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ባልኩበትም ፍርስራሼን እየለቀምኩ፣ የላቀ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ከአራቱ ግድግዳ ሦስቱ የቀሩት ታዛዥዎ፣
ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግልጽ ደብዳቤ ምስጢር እንደማይይዝ ዘግይቶ ስለገባኝ ለባለቤቴ ወንድም ራሴ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። «ታዲያ ጋሼ፣ ግማሹን አሸነፍኩ ማለት ነው?» አለኝ። ሩቡን አልኩት። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ የቀረውን፣ ድንጋዩን ጭናችሁ ስትመለሱ፣ ትካፈሉታላችሁ አለችን። ስለዚህ ነገ ጠዋት መዶሻና የእጅ ጋሪ ይዘን ግድግዳዬን ልንወስድ እንመጣለን፤ እብነበረዱን አንነካም። ጣሪያዎ ቢወርድ ድርጊቱን የሚቃወሙበት መንገድ ክፍት ነው፦ ቤቴ ደጃፍ ወረፋ ይያዙ። ድንጋይዎ ከሰው ጭንቅላት ያነሰ እንዳይሆን፤ ሲጠራም አቤት ይበል።